እማማ የተቀቡት ሰንደል

ሊንውድ፣ ንጋት ላይ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣን። አማቴ እማማ ዘውዴ ጋቢና ተቀምጠዋል። የግራ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል፣ ጉንጫቸው በርበሬ መስሏል። ዝናቡ እንደ ልማዱ ያካፋል።

«ልታወር ነው እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አይዞዎት እማማ!» አልኩ፤ መሪውን ግን ሙጭጭ አድርጌ ይዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ቤታችን የመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ላታ፣ እማማ ፊታቸውን ሲያክኩ አይታ የአያቷን የህንድ መድኃኒት ነገረቻቸው፦ ሰንደል ፈጭቶ፣ በጽጌረዳ ውሃ ለውሶ መቀባት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ከእንግሊዝኛው ሁሉ የገባቸው ሰንደል የሚለው ብቻ ነው፤ የቀረውን በእጇ አሳየቻቸው። ለእኛ ሰው ደግሞ ሰንደል ማለት ቤት እንዲሸት የምንለኩሳት ቀጭን እንጨት ናት። ትናንት አንድ እሽግ ሙሉ፣ እንጨቱ ላይ ከተለጠፈው ጥቁር ሽቶ ጋር ወቅጠው ተለቀለቁት!

ኖርዝጌት፣ ጠዋት

«ኦኬ እማማ፣ ፓርክ ላድርግና እይዝዎታለሁ።»

የክሊኒኩ ሐኪም ዓይናቸውን አጠበች፣ በመብራት መረመረች። እኔ እጃቸውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ዓይናቸው ደህና ነው» አለች። «የተቆጣው ቆዳቸው ነው፤ በቅባት ይድናል።»

ስተረጉምላቸው «ተመስገን!» ብለው እጇን ሳሙ። መኪናው ውስጥ እንደገባን እንባዬ መጣ። እሳቸው ሳቁብኝ።

«ይልቅ ለልጄ እንዳትነግሪው!»

ሾርላይን፣ ከሰዓት በኋላ

ላታ ኮል ሳደርግላት ደንግጣ «አሁኑኑ ኑ» አለችን። ትኩስ ሩዝና ምስር አቀረበች። ከዚያ ጣት የምታህል ቢጫማ እንጨት አምጥታ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አሸችው። ቤቱን ለስለስ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ሽታ ሞላው።

«ሰንደል ይሄ ዛፍ ነው» አለች። «አያቴ ራሳችንን ሲያመን ግንባራችንን፣ ሙቀት ሲያሳክከን ፊታችንን ትቀባን ነበር።»

ስተረጉምላቸው እማማ እንጨቱን አሸተቱት። «ውይ! ዛፍ ኖሯል እንዴ!»

ጣታቸውን ሰደድ ሊያደርጉ ሲሉ ላታ ድንጋዩን ሳበችው። ቁስሉ ሳይድን ይሄም አይነካም አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ስንሰነባበት ቁራጯን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ሊንውድ፣ አመሻሽ ላይ

ዝናቡ አባርቷል። በር ላይ ቁልፍ ስፈልግ እማማ ከኋላዬ ጠሩኝ። ዞር ስል ደህነኛውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ያበጠውን በቀጭኑ ከፍተው ያዩኛል። ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከስተሻል» አሉ። «ግቢና ብዪ።»