አዲስ መጣ ብዬ የሰጠሁት የስኳር መለኪያ

ዛሬ ጠዋት እናቴ በላብ ተጠምቃ እጇ ይንቀጠቀጣል። የስኳር ማንበቢያው ባትሪ ደግሞ አልቋል። ቻርጅ እንዳላደርገው ጅጅጋ ላይ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ስኳሯ ወጣ ወይስ ወረደ? በምን ልወቅ!

ማንበቢያውን ክንድ ላይ ከሚለጠፈው ሴንሰር ጋር በድንበር ከተማዋ በደወሌ በኩል የላከችልን ጅቡቲ ያለችው እህቴ ናት። ትናንት ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። "የእኔንም አንብቢልኝ" ያላለ የለም። የሚያነበው የእናቴን ሴንሰር ብቻ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ሲያበሩት ሲያጠፉት ዋሉ።

እኔም በደስታ ብዛት ጣት እየወጋን የምንለካበትን አሮጌውን መሣሪያ አክስቴ እንደማለት "ኤዶ" ለምላት ለጎረቤታችን ለሐሊማ ሰጠኋት። እሷም ስኳር አለባት።

ዛሬ በሯን ያንኳኳሁት እያፈርኩ ነው። "ኤዶ፣ እናቴ..." ከማለቴ መሣሪያውን ይዛ በባዶ እግሯ ሮጠች። ስትለካት በጣም ወርዷል። ቶሎ ስኳር የበዛበት ሻሂ አጠጣናት።

እናቴ ነፍስ ስትዘራ መጀመሪያ ያለችው፦ "ሐሊማ፣ መለኪያሽን እንዳትረሺ።"

አዲስ መጣ ብላችሁ አሮጌውን ቶሎ የሸኛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልጸጸት።