መጋዘኑ ሲሸጥ ያልወረደው ዋሴ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቡታጅራ አንድ ቆዳ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሥራዬ መምረጥ ነው፤ ጨው የጠጣውን ቆዳ በመዳፌ እየዳበስኩ አንደኛ፣ ሁለተኛ እላለሁ፤ ቢላ የነካውን ወደ ጥግ እወረውራለሁ። አንድ ማክሰኞ አሠሪያችን ሐጂ አምስታችንንም ሰብስበው መጋዘኑን ለአዲስ አበባ ሰው እንደሸጡት ነገሩን። ከነሚዛኑ፣ ከነጨው ከረጢቱ አሉ። ሚዛኑን ጠሩ፣ ጨውን ጠሩ፤ እኛን አልጠሩንም።

አዲሱ ጌታ በማግስቱ መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ መጋዘኑን ዞረና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "እስከ ዓርብ እያንዳንድህ አዲስ ዋስ ጥራ" አለን።

ያኔ ያለ ዋስ የሚቀጥር አልነበረም። ዕቃ ቢጎድል፣ ሠራተኛው ቢጠፋ፣ የሚያዘው ዋሱ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ባማክረው፣ አዲስ ዋስ መጥራት ዛሬ ተቀጠርኩ ብሎ መፈረም ነው፤ ዘጠኝ ዓመትህ ከሐጂ ጋር ቤቱ ገባ ማለት ነው አለኝ። ሠራተኛ የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል ይባላል፤ ቡታጅራ መድረሱን ግን አላየሁም ብሎ ቀለሙን ነከረ።

ይህን ለጓደኞቼ አልተነፈስኩም። ወሬው ጌታው ጆሮ ቢገባ መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። እነሱም ሐሙስ ጠዋት ዋሶቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። እኔ በጭነት መኪና ቡኢ ሄድኩ። የቀድሞው ዋሴ አጎቴ ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ። ፍርሃቱ አላስችል ቢለኝ፣ ዘጠኙ ዓመት ይቅርብኝ፣ እንደገና ይፈርሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ጨርቁን መለካት ሳያቆሙ፣ "እኔን ከዋስትናው ያወረደኝ አለ?" አሉ።

"የለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ነገ አንድ ቆዳ ቢጠፋ የምያዘው እኔ ነኝ። እኔ ካልወረድኩ አንተን ማን አወረደህ?"

አሻራቸው ያረፈበትን አሮጌ የዋስትና ወረቀት ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ።

ዓርብ ወረቀቱን ጌታው ፊት ዘረጋሁት። ዋሴ ለዚህ መጋዘን እንደታሰሩ ናቸው፤ ይውረዱ የሚሉ ከሆነ በጽሑፍ ያሰናብቷቸው፣ ዘጠኝ ዓመት መሥራቴም እዚያው ይጻፍ አልኩት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ "ቆዳው ይጠብቅሃል" አለኝ። ተቀበለኝ ወይስ ቀን ቀጠረልኝ፣ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ስሜ በተጠራ ቁጥር ቆዳ ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ የሚመጣው ቆዳ ሲያንስ፣ ጌታው አዲስ ተቀጣሪዎች ናችሁ ብሎ ከጓደኞቼ ሁለቱን አሰናበተ። አንደኛው ከእኔ አራት ዓመት ቀድሞ የገባ ጨው ነስናሽ ነው። ቢጮህም፣ ዛሬ ተቀጠርኩ የሚያሰኘው ፊርማ የራሱ ሆነበት። ሲወጣ እኔ ጋ ቆመ።

"አንተ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

እጄ ላይ የነበረውን ቆዳ ገለበጥኩ። ቢላ ነክቶት ነበር። አንደኛ ብዬ ክምሩ ላይ ጣልኩት።