ከአሜን በፊት የተነሱ ሞተሮች

ባለፈው እሑድ ከምኖርባት ፓራዳይዝ ቤተ ክርስቲያናችን እስካለባት ሄንደርሰን ደርሼ ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ይሄም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ስለሆኑ ይጻፋል። እትዬ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው፤ አስም አለባቸው። በቅርቡ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። «ጌታ ትንፋሼን ከመለሰልኝ ጉባኤው ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ» ብለው ቃል ገብተው ነበርና ላደርሳቸው ነው የወጣሁት።

ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት

ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ከካሊፎርኒያ በኩል የመጣ የሰደድ እሳት ጭስ ከሙቀቱ ጋር ተዳምሮ አየሩን አበላሽቶታል፤ አረጋውያን፣ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ከቤት አይውጡ ይላል።

«እትዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ብናደርገውስ?» አልኳቸው።

«ሳምንት መድረሴን ማን ነገረሽ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እሺ አልኩ። የሆስፒታሏ ነርስ ያስተማረችኝን ሁሉ አደረግሁ። አፍንጫ ላይ ጥብቅ የሚለውን ማስክ አደረግሁላቸው፤ የሚስቡትን መድኃኒት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ኦክስጅን የምትለካዋን ትንሽ መሣሪያ ጣታቸው ላይ ሰካሁ፤ ዘጠና ስድስት አለች። ቤንዚን የሞላሁት በዋዜማው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ በቀን ሲሞላ ትነቱ ከፀሐዩ ጋር አየሩን ያባብሰዋል ብላኛለች ነርሷ።

መንገድ ላይ

መስኮት ዘግቼ፣ ኤሲው የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጌ በቦልደር ሀይዌይ ወረድኩ። ሁልጊዜ በስተግራ የሚታየው ተራራ የለም። ሰማዩ የተበጠበጠ ሽሮ መስሏል።

«ተራራውን ማን ወሰደው?» አሉ እትዬ።

ውሃ ልገዛ አንድ ሱቅ ቆምኩ፤ ሁለት ጠርሙስ አራት ዶላር። በሩ ፊት አንድ ፒክአፕ ሰው ሳይኖርበት ሞተሩ ያጓራል። ባለቤቱ ሱቁ ውስጥ ቁማር ማሽን ላይ ተጥዷል። በሆዴ ረገምኩት። ለእርግማኑ ቸኩዬ ኖሯል፤ የገዛ ወገኖቼን ገና አላየሁም ነበር።

ሄንደርሰን

ቤተ ክርስቲያናችን ከዋተር ስትሪት ጀርባ የተከራየነው አዳራሽ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። እትዬ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

«ትንፋሽ የራሴ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ለካ በየቀኑ የሚሰጠኝ ነው።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ የመዝጊያ ጸሎት ሆነ። ዓይኔን ገልጬ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ከፊቴ ያሉት እጆች አንድ በአንድ ወደ ኪስና ወደ ቦርሳ ገቡ። አሜን ሳይባል ውጪ ያሉት መኪኖች ውስጣቸው እንዲበርድ በሪሞት መነሳት ጀመሩ፤ አንዱ፣ ሁለቱ፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። አሁን ለእትዬ ትንፋሽ እልል ያለው ሰው ነው እንግዲህ።

የእኛን ስንብት ታውቁታላችሁ። ቻው ብለን እንጀምራለን። ከዚያ የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ሺፍትህ ተቀየረልህ ወይ፣ በሞቴ አንድ ቀን ብቅ በሉ። አርባ ደቂቃ በር ላይ እንቆማለን፤ መኪናው ባዶውን ይበርዳል። አልዋሽም፣ እኔም እስካለፈው ወር እንዲሁ ነበርኩ። ጭሱስ ከሩቅ መጣብን እንበል፤ ይሄን ማን ላከብን?

እትዬ ከበሩ ሦስት እርምጃ አልራቁም። ሳሉ፣ ደግመው ሳሉና ትከሻዬን ያዙ። ደረታቸው ያፏጫል። መልሼ አስገባኋቸውና መድኃኒቱን ሁለቴ ሳቡ። መሣሪያዋ ዘጠና አንድ አለች።

ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። ለበሩ በጣም የቀረበው የወንድም ተስፋዬ መኪና ነው፤ ሰው የሚያስተናግደው እሱ ነው።

«ወንድም ተስፋዬ፣ ሞተርህን አጥፋ» አልኩት።

«እህት አልማዝ፣ መቶ አስር ዲግሪ ፋራናይት እኮ ነው። ልጆቼ ይቀቀሉ?»

«ልጆችህ የት አሉ?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ብስኩት ይበላሉ።

«የምታቀዘቅዘው ወንበር ነው» አልኩት። «ወንበሩ አስም አለበት?»

የሳቁ ነበሩ። «አንቺ ደግሞ፣ በእኔ አንድ መኪና አገር አይጠፋም» አለኝ።

«አንድ? እስቲ ቁጠራቸው።»

ይሄኔ እትዬ በሩን ከፈት አድርገው በማስኩ ውስጥ ተናገሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«ተስፋዬ ልጄ፣ ጌታ የመለሰልኝን ትንፋሽ እናንተ በር ላይ ልትነጥቁኝ ነው?»

ተስፋዬ ሪሞቱን ከኪሱ አወጣና ቁልፉን ተጫነ። ቀጥሎ ከመኪና ወደ መኪና እየዞረ ባለቤቶቹን በስም ጠራ። ሞተሮቹ ዝም ሲሉ የዋና መንገዱ ድምፅ ተሰማ። የቀረውን ስንብት ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ተሰነባበትን። አንድም ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ወደ ቤት

መኪናዬን በሩ ድረስ አስጠግቼ፣ በሮቹን ከፋፍቼ ትንሽ ካናፈስኩ በኋላ እትዬን አስገባሁ። ወንበሩ አሁንም ይፋጃል።

«መቀመጫዬ ነደደ» አሉ። ቀበቷቸውን እያሰሩ፣ «ይንደድ፤ መቀመጫ አይተነፍስ» አሉ።

ወንበሩ ቦልደር ሀይዌይ ሳንደርስ በርዷል። እስከ ዛሬ ሞተር አስነስተን የምንቆመው ለዚች ነበር። ሰው ስንብቱን ውስጥ ጨርሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከዚያ ቢያስነሳ የሚከፍለው ይሄንኑ ነው፤ የጥቂት ደቂቃ ላብ።

ቤት አስገብቼ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሻይ እስኪፈላ ጠብቄ መሣሪያዋን ጣታቸው ላይ ሰካሁ። ዘጠና አምስት፤ ጠዋት ዘጠና ስድስት ነበረች።

«አንድ ይቀረናል» አሉ እትዬ እየሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ያቺን አንድ ማን ማን እንደወሰዳት አውቃለሁ፤ ስንቱን እሑድ እኔም ሞተሬን አስነስቼ በሩ ላይ ከእነሱ ጋር ቆሜያለሁ።