ሰይዶ ብስክሌት ጠጋኙና ግማሽ ስንዝር

ሰይዶ ቡታጅራ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። የእኔን የልብስ ስፌት ቤትና የእሱን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱ ብረት ሲቀጠቅጥ የእኔ መርፌ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ከተማው በባጃጅ ሲሞላ ሌሎቹ ጠጋኞች አንድ በአንድ ወደ ባጃጅ ዞሩ። ሰይዶ አልዞረም። ሸምሶ የሚባል ባጃጅ ነጂ በደጁ ባለፈ ቁጥር፣ «ሰይዶ፣ ዛሬም ከዚያ አጥንት ጋር ነህ?» ይለዋል።

«ያንተው ቤንዚን ሲያልቅ ይቆማል። የእኔ የሚቆመው ሰው ሲደክም ነው» ይላል ሰይዶ፣ ቀና ሳይል።

ሰይዶ ማንበብ አይችልም። ብስክሌትን የሚያውቀው በጥርስ ነው። ሰንሰለቱ የሚጠመድበትን ክብ ብረት ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የጀመረበትን ጥርስ በኖራ ነክቶ፣ በአውራ ጣቱ እየገፋ ይቆጥራል። የፊቱን ቆጥሮ፣ የኋላውን ቆጥሮ፣ ብስክሌቱ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ይነግርሃል። በዚህ ተሳስቶ አላየሁም። ስለዚህ ከጥርስ ሌላ መለኪያ መኖሩ አልታየውም። ለእኔም አልታየኝም።

ሦስት ልጆች አሉት። የመጨረሻዋ ሩፋይዳ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በርበሬ በከረጢት ጭና ከመስቃን ገጠር ወደ ወፍጮ ቤት በብስክሌት ታመላልስ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ እስከ ቡኢ ሄዳ ትመለስ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጥያ ድረስ ትዘልቃለች። ሴት ልጅ በኮርቻ ላይ መቀመጧን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ። ሰይዶ ሰማቸው፣ ከዚያም ለራሷ የሚሆን ብስክሌት መሥራት ጀመረ።

ስምንት ወር ፈጀበት። አካሉ ከአዲስ አበባ የተገዛ አሮጌ የብረት ነው። ፔዳሉ ከአንዱ፣ መሪው ከሌላው መጣ። ጎማውን ወፍራም አደረገው፤ በመስቃን ኮረት መንገድ ላይ ቀጭን ጎማ ሁለት ቀን አይቆይም። ሩፋይዳ በዚያ ብስክሌት ወንዶቹን ሁሉ ቀደመች።

ባለፈው ዓመት በወልቂጤ የወጣቶች ውድድር እንደሚደረግ ተሰማ። ከሴቶቹ መጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ ወደ ማሠልጠኛ ይወሰዳሉ። ምግብ፣ ትምህርትና ጥሩ ብስክሌት እዚያ ያገኛሉ። ሩፋይዳ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በዕድሜ ከወጣቶቹ ትወጣለች። ያላት ዕድል ያ አንድ ቀን ነበር።

ከከተማችን የምትወዳደር ሌላ ልጅ ነበረች፤ ማዕዶት ትባላለች። አባቷ አቶ በኃይሉ ከሰሜን መጥቶ እዚህ በመንግሥት ሥራ የኖረ ሰው ነው። አጎቷ ከውጭ አገር የካርቦን ብስክሌት ልኮላታል። ዋጋው ሁለት ባጃጅ ይገዛል ይባላል። ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው አቶ በኃይሉ ብስክሌቱን ሰንሰለቱን ያይለት ዘንድ ወደ ሰይዶ አመጣው። ሰይዶ በአንድ እጁ አነሳው፤ ተነሳለት። ቀስ ብሎ አስቀመጠውና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አቶ ሰይዶ፣ ትርፍ ቸርኬ አለን» አለ በኃይሉ። «ከነቀጭን ጎማው። ሩፋይዳ ለዚያ ቀን ትጠቀምበት።»

«አላህ ይስጥልኝ።»

«እንግዲያስ ላምጣው?»

«አይሆንም ወንድሜ። ልጄ በሰው እግር ሮጣ ብታሸንፍ፣ አሸነፈ የሚባለው እግሩ ነው።»

በኃይሉ ሳቀ፤ አልተቀየመም። የውድድሩን ደንብ የያዘች ወረቀት ትቶለት ሄደ። ሩፋይዳ ልምምድ ላይ ነበረች። ሰይዶ ወረቀቷን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ወረቀት የማነበው እኔ ነኝ።

«የፊቱ ጥርስ ከሃምሳ ሁለት እንዳይበልጥ፣ የኋላው ከአሥራ አራት እንዳያንስ» አነበብኩለት።

«ልክ ነው። የእሷም እንደዚያው ነው። ቀጥል።»

«ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ መሬት ላይ የሚሄደው ከሰባት ሜትር ከዘጠና ሦስት ሳንቲም መብለጥ የለበትም።»

ትንሽ አሰበ። «ይሄ ያው ነው። ጥርሱ ልክ ከሆነ እርምጃውም ልክ ነው። መንግሥት አንድ ነገር ሁለቴ መጻፍ ይወዳል፣ ጋሽ ፊልጶስ።»

«ይወዳል» አልኩ፤ ሁለታችንም ሳቅን። የስፌት ሜትሬ በዚያን ሰዓት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አውርደን አልለካንም።

ወልቂጤ ሦስታችን ሄድን። ከየቦታው የመጡት ልጆች ብስክሌቶቻቸውን ደርድረው ሳይ፣ ግማሾቹ የማዕዶትን፣ ግማሾቹ የሩፋይዳን ይመስሉ ነበር። አንዲት ልጅ የሩፋይዳን ጎማ አይታ፣ «በዚህ ጤፍ ልታርሺ ነው?» አለቻት።

«አንቺ ከኋላ ተከተይኝና አረሙን ንቀይ» አለች ሩፋይዳ።

ውድድሩን በዝርዝር አላወራም፤ ያየሁት መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነው። የወልቂጤ ልጅ አንደኛ ገባች። ከኋላዋ ሩፋይዳ ነበረች፤ ማዕዶትን በአንድ ጎማ ያህል ቀድማ። ሰይዶ አልጮኸም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘው።

ከዚያ ቀድመው የገቡትን ሦስቱን ብስክሌቶች ለመለካት ወሰዷቸው። አስፋልቱ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል። ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብስክሌቱ ፔዳሉ አንድ ዙር እስኪሞላ ይገፋል፤ ጎማው የደረሰበት ላይ ምልክት ይደረጋል። የምትለካው ሰገነት የምትባል ወጣት ዳኛ ነበረች። የሩፋይዳን አንዴ ለካች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ሦስቴም ስምንት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ሆነ።

«ጥርሱን ቁጠሪ፣ ልጄ» አላት ሰይዶ።

«ቆጠርኩት አባቴ። ጥርሱ ልክ ነው። ጎማው ነው። ወፍራም ስለሆነ ክቡ ሰፍቷል፤ በአንድ ዙር ረጅም ይሄዳል።»

«ወፍራም ጎማ ያደክማል እንጂ ያስሮጣል እንዴ?»

«አውቃለሁ።»

«ያኛውን ብስክሌት አንስተሽዋል? በአንድ እጅ ይነሳል። እሱን የምትመዝኑበት ሚዛን አላችሁ?»

«ሚዛን አልሰጡንም፣ አባቴ። የሰጡን ሜትር ነው።» ይህን ስትል ዓይኗ ወደ መሬት ነበር።

ከተፈቀደው ያለፈው ግማሽ ስንዝር ነው። ደንቡ የወጣው የልጆች ጉልበት እንዳይጎዳና ማንም በጥርስ ብልጫ እንዳያገኝ ነው አሉን። ጥሩ ደንብ ነው። ሩፋይዳ በዚህ ጥሩ ደንብ ከዝርዝር ወጣች፤ ማዕዶት ሁለተኛ ሆነች።

አቶ በኃይሉ ወደ ዳኞቹ ሄዶ፣ «ልጄ ሦስተኛ ነው የገባችው፤ ሦስተኛነቷን ጻፉላት» ብሎ ተከራከረ። እሷ ካልፈለገች ቦታው ለአራተኛዋ ይሰጣል አሉት። ሰይዶ ክንዱን ይዞ መለሰው።

«ተው በኃይሉ። ልጅህ አልሰረቀችም። ትሂድ።»

እኔ ሰይዶን ለብቻው ፈልጌ፣ «ያነበብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ያነበብከው ልክ ነው» አለኝ። «ያው ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ማታውኑ ወደ ቡታጅራ ተሳፈርን። ብስክሌቱ ከመኪናው ጣራ ላይ ታስሯል። ሩፋይዳ በመስኮቱ በኩል፣ ሰይዶ መሐል፣ እኔ ዳር ተቀመጥን። አላለቀሰችም። የአባቷን እጅ ይዛ በጥፍሩ ሥር ያለውን ግራሶ በጣቷ ትፍቅ ነበር፤ ያ ግራሶ እንደማይለቅ ግን ከልጅነቷ ታውቃለች።

«አባ» አለች።

«አቤት።»

«ለሚቀጥለው ዓመት ቀጭን ጎማ እናስገባለታለን።»

የሚቀጥለው ዓመት ለእሷ እንደሌለ ታውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

«ኢንሻአላህ» አለ ሰይዶ። «ቀጭን እናስገባለታለን።»