እትዬ አልማዝ የፈቀዱት አምፕሊፋየር

አከራዬ እትዬ አልማዝ፣ "ጆሮዬ ያልፈቀደው አምፕሊፋየር ቤቴ አይገባም!" ብለው ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ያለው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ድረስ አብረውኝ መጡ። የድሬዳዋ ልጅ የሆነው ሻጭ የእንጨት ጊታሬን ከትንሿ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘልኝ። ተጫወትኩ። ድምፁ የምንጭ ውሃ ነው! እዝዝ የሚል ነገር እንኳ የለውም።

"እስቲ ጨምርበት" አሉ እትዬ አልማዝ።

ጨመርኩ።

"እስከ መጨረሻው!"

የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ያው ጨዋ ድምፅ።

"አቦ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የትም አይገኝም!" አለ ሻጩ ላቡን እየጠረገ።

"የተባረከ ነው፤ ይግባ!" ብለው እትዬ አልማዝ ሳጥኑን እንደ ልጅ ራስ ደባበሱት።

በደስታ ሁሉንም ክር አንድ ላይ ልመታ እጄን ሳነሳ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ለካ እስካሁን መብራት ጠፍቶ ኖሯል።

እጄ ግን ወርዷል።