ቅዳሜ የሚመጣው ሎርድ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከለንደን በባቡር ወደ ድሮው የገበያ አዳራሽ ይመጣል። ኮቱ ውድ ነው፤ አቋቋሙ ግን ዛሬም የገበያ ሰው አቋቋም ነው። ሻይ ሻጯ ሜቪስ በዚሁ ጣሪያ ሥር ከወንድሙ ከክሊፎርድ ጋር መጋረጃ ሲሸጥ ታስታውሰዋለች። ያኔ ድምፁ እስከ ዓሣ ተራ ይሰማ ነበር! በኋላ ፋብሪካ ከፈተ፣ ፓርላማ ገባ፤ ከዚያ አባታቸው የሞቱለትን የሠራተኞቹን ፓርቲ ጥሎ ወደ ተቃራኒው ዞረና ሎርድ ተባለ። ክሊፎርድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደዘጋው ነው።

«ዛሬስ እንዴት ነው?» አላት ሻዩን ሲቀበል፣ ዓይኑን ማዶ ካለው ከክሊፎርድ የመጋረጃ መደብ ላይ ሳይነቅል።

«እንደ ወትሮው ነው፣ ጌትዬ። አኩርፎሃል።»

ሻዩን ሳይቀምስ አስቀምጦ ተሻገረ። የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት እያደረገ ቆመ። ሜቪስ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቀረች።

ክሊፎርድ ቀና አለ። «የምትገዛ ከሆነ ግዛ፤ ካልሆነ ዞር በል፣ ገበያዬን ጋርደኸዋል!»

ሰውዬው ዞሮ ከመሸጫ ጠረጴዛው ኋላ፣ ከወንድሙ ጎን ቆመ። ክሊፎርድ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።