ያላዳፈንሁት እሳት

ልጅ ሳለሁ የሠራሁትን ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌም ልጆቼም አያውቁትም።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበር ብዙውን ጊዜ የማታ ተረኛ ነው። ከኋላችን ባለችው አንዲት ክፍል የወረታዋ እማማ ዘሐራ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ከመራዊ በኩል የሚመጣው ከሰል ስለሚወደድ፣ እናቴና እሳቸው ሁለት ምድጃ ማንደዱን ትተው በእኛው ቤት በአንዱ መሞቅ ጀመሩ። ከሰሉንም በጋራ ገዝተው ጆንያውን ከእማማ ዘሐራ በር አጠገብ፣ ከክፈፉ ሥር አኖሩት።

ከእራት በኋላ እማማ ዘሐራ ይመጡና ጉልበታቸውን ወደ ፍሙ አስጠግተው ተረት ያወሩልኝ ነበር። ኩራዙ ጋዝ እንዳይፈጅ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ የሐይቁ ነፋስ በበሩ ሥር ገብቶ ፍሙን ሲያቀላው ብቻ ፊታቸው ይታየኛል፤ ታንኳውን ለጉማሬ ስላዋሰው ዓሣ አጥማጅ ሲነግሩኝ ጉማሬውን ራሱን ያየሁት ይመስለኝ ነበር። እሳቱን ማዳፈን የእኔ ሥራ ነበር። ፍሙን አመድ አልብሼ ለጠዋት ሻይ አሳድረዋለሁ። እሳቱ ከተዳፈነ ግን እማማ ዘሐራ ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ።

ስለዚህ እናቴ ለቀበሌ የሴቶች ስብሰባ በምትወጣባቸው ምሽቶች አላዳፍንም። ውኃ ልጠጣ ብዬ እወጣና በቀሚሴ ከሰል ይዤ እመለሳለሁ። እማማ ዘሐራ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና፣ ፍሙ ዛሬስ በረከት አለው እያሉ ወደሚቀጥለው ተረት ያልፋሉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ለመስቀል ይደርሳል የተባለው ጆንያ ነሐሴ ሳይጋመስ ተሟጠጠ። እናቴ ባዶውን ጆንያ ይዛ የእማማ ዘሐራን በር ትክ ብላ አየችው። ብርድ አልቻሉም፣ ለብቻቸው እያነደዱ ነው ብላ አስባ ነበር። አዲስ ጆንያ ብቻዋን ገዝታ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው።

በዚያ ምሽት እማማ ዘሐራ ከሰሉ ከአልጋው ሥር ሲወጣ ሰሙ።

«ደግ አደረግሽ፣ ውጭ ይረጥባል» አሉ በዝግታ።

ተረት አልጀመሩም። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው ብለው ተነሡ፤ ከዚያ ወዲያም አልመጡም። እናቴ አፍረው ነው አለች። እኔ እሳቱን አዳፍኜ ተኛሁ።

ከተረቶቻቸው ዛሬ የማስታውሰው ጥቂት ነው። በግድግዳው በኩል ይሰማኝ የነበረው ሳላቸው ግን እስካሁን አለ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አንድ ማታ ሳሉ ጨርሶ አላስተኛቸው አለ፤ እኔም አልተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አመዱን ገልጬ ፍም በገል ወሰድሁላቸው። እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድሁት። በሩን ከፍተው ፍሙን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«አዎ፣ እማማ» አልሁ።

«አላህ ይስጥልኝ በያት። እኔ እኮ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር።»

እሺ ብዬ ተመለስሁ። አመዱን እንደነበረ አስተካክዬ፣ እጄን ታጥቤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መልእክቱን ለእናቴ አላደረስሁም።